እንዳይጠፋ

ልጆቹ ሲበተኑ፣ አቧራው ሲረጋ፣
የመጨረሻው ባጃጅ ሄዶ በር ሲዘጋ፣
ባልዲዬን አንስቼ፣ ጨርቄን ነክሬ፣
ክፍል በክፍል እገባለሁ፣ ከአንደኛ ጀምሬ።
ሥራዬ ማጥፋት ነው።
ሰሌዳ ባዶ ካላደረ ደሞዜ ይጎድላል፤
ግን ከሚያጠፋ ሰው በላይ ማን አንብቦ ያውቃል?

አንደኛ «ሀ» ዛሬ «ጨ» ላይ ደርሰዋል፤
ጨው፣ ጨረቃ፣ ጨርቅ ተርታ ተሰልፈዋል።
«ጨርቅ»ን በጨርቅ ስጠርግ ብቻዬን ሳቅሁ።
አንዱ ልጅ አራት እግር ተክሎለት ለ«ጨ»፣
እንደ ፍየል ግልገል ከመስመር ፈነጨ፤
እሱን መጨረሻ ላይ፣ እያዘንኩ አጠፋሁ።

ሁለተኛ «ለ» ሒሳብ ነው።
«ዱካሌ ከሐይቁ ሃያ ቆሮሶ አወጣ፤
ስምንቱን አሞራ ገደል ላይ ሸጠ።
ስንት ቀረው?»
አሥራ ሁለት ይላል፣ ትልቅ ራይት ተደርጎበት።
ወንድሜ ዓሣ ሲበልት ስንት ዓመቱ፣
እሱን ብትጠይቁት ሌላ ነው ስሌቱ፦
አባ ኮዳ ቆሞ የነጠቀው የታለ?
ፀሐይ ያበላሸው? ለዘመድ የተባለ?
ባዶውን ክፍል ጠየቅሁ። ወንበሮቹ ዝም።
አሥራ ሁለቱን አጠፋሁ፤ ልክ ነው፣ አልከራከርም።

ቀጥሎ ሲዳምኛ።
ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ፣ ኦንቴ…
እኔ የቦዲቲ ልጅ፣ ይሄን ቋንቋ የለቀምኩት
ከጎመን ሻጮች ጋር በዋጋ ስሟገት፤
ድምፁን ነበር የማውቅ፣ መልኩን ያየሁ እዚህ ነው።
«ሳሴ» መነሻዋ ላይ እንደ እባብ ትጠመዘዛለች፤
በጣቴ ተከተልኳት፣ ጣቴ ላይ ጠመኔ ሆና ቀረች።

ሦስተኛ ክፍሎች ሐይቃችንን ስለውታል።
ጥቁር ውሃ በቀስት ከላይ ይገባበታል፤
የሚወጣበት ወንዝ የለም።
«ታዲያ ለምን አይሞላም?»
ይላል ከሥር፣ በቀይ ጠመኔ፣ የአንድ ልጅ እጅ።
ሌላ ቀስት፣ ወደ ፀሐይ፦ ትነት።
በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤
ሐይቁ ርጥበት ሆኖ እዚያው ሰሌዳው ላይ ቀረ፣
ከዳር ከዳሩ መሳሳት፣ መጥበብ ጀመረ።
ባልዲዬን ገልብጬ ተቀመጥኩ፣ እስኪደርቅ አየሁት።
ለካ ለሐይቅም እንደኔ ቀስ ብሎ የሚያጠፋ አለው።

እዚያው ሰሌዳ ጥግ፣ በሳጥን ታጥራ፣
«እንዳይጠፋ!» የምትል አለች አንዲት ሥፍራ።
መምህር ላሚሶ ነው ያሰመረው።
ቦሎቄ ተክለዋል፣ በቲማቲም ጣሳ፣ መስኮቱ ሥር።
ቀን አንድ፦ ምንም። ቀን ሁለት፦ ምንም።
ቀን አምስት፦ አፈሩ ተሰነጠቀ።
ቀን ስድስት፣ ቀን ሰባት፦ ባዶ፤ ቅዳሜና እሑድ ናቸዋ!
ቀን አሥራ ሁለት፦ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር።

ቅዳሜ ውሃ ላጠጣ መጣሁ።
ከሐይቁ ዳር አንዲት ጦጣ፣ በተሰበረው መስኮት
ገብታ፣ በልታ፣ ጣሳውን ገልብጣ፣
የመምህሩ ወንበር ላይ ምልክቷን ትታ ሄዳለች።

እቤቴ ጓሮ ቦሎቄ አለኝ፤ ቁመቱም ያው።
ነቅዬ ብተክለው ማን ያውቃል? ማን ሊያየው?
እስከ በሩ ሄድኩ። ተመለስኩ።
«ምንም»ን «ምንም» ብለው ለሚጽፉ ልጆች፣
ጣሳ ውስጥ ውሸት ይተክላሉ ወይ እነዚህ እጆች?
ስባሪ ጠመኔ አነሳሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።
«ቀን አሥራ ሦስት፦ ጦጣ በላው።»
«ጦ» ተዛነፈችብኝ፤ ተውኳት።

ሰኞ ጠዋት በረንዳውን ስጠርግ ሰማሁ፤
መምህር ላሚሶ አነበበ። ዝም አለ። ጉሮሮውን አጠራ።
«ጻፉ» አለ።
አርባ ሦስት እርሳስ፣ አርባ ሦስት ደብተር ላይ፦ ጦጣ በላው።
ከኋላ ወንበር ምንታምር እጇን አወጣች፤
«ቲቸር፣ ጦጣዋስ ስንት ሳንቲ ሜትር ጨመረች?»

ማታ ጥያቄዋን ከሳጥኑ ውጪ ተጽፋ አገኘሁ፤
በደንቡ መጥፋት ነበረባት።
ጨርቄን አጠፍኩና፣ እሷን ሳላጠፋት ወጣሁ።